ባለቤት ያጡ ተጫዋቾች፦ ከኒውዮርክ ምግብ ቤት እስከ አቦምሳ ሜዳ

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ሰው ሁሉ ያንኑ አንድ ኮከብ ከመረጠ፣ ሰው ሁሉ ያንኑ ልጅ ካፒቴን ካደረገ፣ የፋንታሲ ሊጉን ማን ይበላዋል? ቅዳሜ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰብ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ኮከቡ ለሁሉም እኩል ይሠራል፤ ለሁሉም እኩል የሆነ ነገር ደግሞ ማንንም አያስቀድምም። የሚያስቀድመው ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ ርካሹ፣ ስሙን ለመጥራት የምንቸገርበት ልጅ ነው።

ይህን ልጅ የመፈለግ ጥበብ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩ ግን ከእግር ኳስ አይጀምርም፤ እኛ አገር ብዙም ከማይታወቀው ከቤዝቦል ይጀምራል። አሜሪካኖቹ የጨዋታውን መንፈስ የያዘ ቃልም አላቸው፤ «ዌይቨር» ይሉታል። ማንም ቡድን ያልያዛቸው ወይም ባለቤቶቻቸው የለቀቋቸው ተጫዋቾች የሚቀመጡበት ዝርዝር ነው። እኛ «የተራፊዎች ዝርዝር» እንበለውና እንቀጥል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተራፊዎቹን ይዘን ወዴት እንደምንሄድ ከወዲሁ እንንገራችሁ፤ የምንሄደው ወደ አቦምሳ ነው።

ጨዋታው ከየት መጣ?

በ1960 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ዊሊያም ጋምሰን የሚባል የሶሲዮሎጂ ሰው ከወዳጆቹ ጋር አንድ ጨዋታ ፈጠረ። እያንዳንዳቸው እውነተኛ የቤዝቦል ተጫዋቾችን በወረቀት ላይ «ይገዛሉ»፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ባስመዘገቡት ቁጥር ይወዳደራሉ። ስሙንም «የቤዝቦል ሴሚናር» አሉት። ስሙን ለሰማ ሰው የምሁራን ጉባኤ ነው የሚመስለው!

ጋምሰን ኋላ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ጨዋታውም አብሮት ሄደ። እዚያ ከሚጫወቱት መምህራን አንዱ ሮበርት ስክላር ነበር፤ ከስክላር ተማሪዎች አንዱ ደግሞ ዳንኤል ኦክረንት። ተማሪው አድጎ ጸሐፊና አርታኢ ሲሆን መምህሩ ያወራለትን ጨዋታ አልረሳም። በ1980 ከወዳጆቹ ጋር የራሱን ሊግ መሠረተ። ወዳጆቹ ይሰበሰቡበት የነበረው የኒውዮርክ ምግብ ቤት «ላ ሮቲሰሪ ፍራንሴዝ» ይባል ስለነበር ሊጉም «የሮቲሰሪ ሊግ» ተባለ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ አንድ ሰው 260 ዶላር ይይዛል፣ በጨረታ 23 ተጫዋቾችን ይገዛል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1981፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የስፖርት ጋዜጠኞች የሚጽፉት አጡ። ከሮቲሰሪ ሊግ አባላት መካከል የፕሬስ ሰዎች ብዙ ስለነበሩ ወሬው በጋዜጦች ተሰራጨ፤ ጨዋታውም አገሩን አዳረሰ። ኦክረንት ራሱስ? የፈጠረውን ሊግ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ቀረ። አባትየው ያበጀውን ገበጣ ልጆቹ አሸነፉበት እንደማለት ነው።

ዝም ብሎ መቆምም ነጥብ አለው

አሁን ቤዝቦልን በአንድ አንቀጽ እንጨርሰው። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፤ እስከዚህ ድረስ ከገናችን ዱላና ሩር ብዙም አይርቅም። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ወይም በደህና የተወረወረችውን ዝም ብሎ ካሳለፈ ይወጣል። ወርዋሪው ደግሞ አራት ጊዜ ከመስመር ውጭ ከወረወረ መቺው ምንም ሳይመታ በእግሩ ወደ መጀመሪያው ጣቢያ ይሄዳል። ይህን «ዎክ» ይሉታል። ኳሷን አርቆ ከሜዳው አጥር ውጭ የጣላት ደግሞ «ሆም ራን» አገባ ይባላል። በቃ፣ ይህን ካወቃችሁ ለዛሬ ይበቃችኋል።

ነገሩ ያለው ዎኩ ላይ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የቤዝቦልን ቁጥር አያያዝ ያቋቋመው ሄንሪ ቻድዊክ እንግሊዝ የተወለደ፣ ክሪኬት ሲያይ ያደገ ጋዜጠኛ ነበር። በእሱ ዓይን ዎክ የወርዋሪው ጥፋት እንጂ የመቺው ችሎታ አይደለም። ስለዚህ የመቺው ዋና መለኪያ በተባለው ቁጥር ውስጥ ዎክ ቦታ አላገኘም። አንድ ሰው በአንድ ወቅት እንዲህ ስለወሰነ ብቻ፣ በትዕግሥት ቆመው ክፉ ኳስ የማይነኩ መቺዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታዩ ኖሩ። የኦክረንት ሊግም መቺዎችን የሚለካው በአራት ነገሮች ነበር፤ በመምታት አማካይ፣ በሆም ራን፣ ሌላውን ተጫዋች በማስገባትና ጣቢያ በመስረቅ። ዎክ ለመቺው ዜሮ!

ይህን ጉድ ያወጣው በካንሳስ ክፍለ ሀገር የባቄላና የአሳማ ሥጋ ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ የነበረ ሰው ነው፤ ቢል ጄምስ ይባላል። በጥበቃ ሌሊቶቹ ቁጥር ሲደምርና ሲያካፍል ያድራል። በ1977 ያሰባሰበውን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ቢያወጣ የገዛው ሰው ከመቶ አልሞላም። ጥያቄው ግን ቀላልና ከባድ ነበር፦ የምንቆጥረው ነገር በእርግጥ ጨዋታ የሚያሸንፈውን ነገር ነው ወይ?

ጥያቄውን በትልቁ የሞከረው ኦክላንድ ነው። በ2002 ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ኒውዮርክ ያንኪስ በዚያው ዓመት ወደ 125 ሚሊዮን ይከፍል ነበር። ሁለቱም እኩል 103 ጨዋታ አሸነፉ። ኦክላንድ ርካሾቹን ያገኘው ከተራፊዎች መካከል ነው። ከእነሱ አንዱ ስኮት ሃተበርግ ነበር። ኳስ ተቀባይ የነበረ፣ የክርኑ ነርቭ ተጎድቶ መወርወር የተሳነው፣ ቦስተን የሰደደው፣ ኮሎራዶም ውል ሳይሰጠው የለቀቀው ሰው። ኦክላንዶች የክንዱን ነገር ትተው ዓይኑን አዩ፤ ክፉ ኳስ አይነካም። መስከረም 4 ቀን 2002 ቡድኑ 11 ለ 0 ከመራ በኋላ 11 እኩል ሆኖ በጭንቅ ላይ ሳለ፣ ሃተበርግ ከቤንች ተነሥቶ ባስገባት ሆም ራን 12 ለ 11 አለቀ። ተከታታይ ሃያኛው ድል ሆነ። (በብራድ ፒት ፊልም ያያችሁት እሱ ነው።) እውነቱን ለመናገር ኦክላንድ ያን ዓመት ዋንጫ አልበላም። ቦስተን ግን ያንን የጥበቃ ሠራተኛ በአማካሪነት ቀጥሮ በ2004 ከ86 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ።

ተራፊውን እንዴት እናውቀዋለን?

የፋንታሲ ተጫዋቾችም ቀስ በቀስ ሌላ ዓይነት ሊግ አመጡ፤ የነጥብ ሊግ። በነጥብ ሊግ ደረጃ በየዘርፉ አይወዳደርም፤ እያንዳንዱ ድርጊት ዋጋ አለው። ዎክም ነጥብ ያስገኛል፣ በብዙዎቹ ሊጎች ሦስት ጊዜ ስቶ መውጣት ነጥብ ያስቀንሳል። ያኔ የተራፊዎቹ ዝርዝር ትርጉሙ ተለወጠ። በሮቲሰሪ ዓይን የማይረባ የሚመስል መቺ በነጥብ ዓይን ዕንቁ ሊሆን ይችላል።

የሚፈለገው ሰው ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ በየቀኑ ይሰለፋል። ሁለተኛ፣ ከቡድኑ መቺዎች ተራ ከፊት ነው፤ ከፊት የሆነ ሰው በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዱላ ይይዛል። ሦስተኛ፣ ዎኩ ብዙ፣ ስህተቱ ጥቂት ነው። አራተኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቡድኑ ብዙ ጨዋታና ደካማ ወርዋሪ ይገጥመዋል። አንዳቸውም በዜና የሚነገሩ አይደሉም፤ ለዚህም ነው ልጁ ከዝርዝሩ ላይ ተርፎ የሚገኘው።

ምሳሌ ከተፈለገ ሆሴ ባውቲስታ አለላችሁ። የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነው። በ2004 ብቻ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው እንደ ቅብብሎሽ ዱላ ዞሯል፤ ከባልቲሞር ታምፓ ቤይ በዌይቨር ወሰደው፣ ለካንሳስ ሲቲ ሸጠው፣ ካንሳስ ለኒውዮርክ ሜትስ ሰጠው፣ ሜትስ በዚያው ቀን ለፒትስበርግ አሳለፈው። አራት ዓመት ቆይቶ ቶሮንቶ እዚህ ግባ በማይባል ዋጋ ወሰደው። በ2010 ይህ ማንም ያልፈለገው ሰው 54 ሆም ራን አስቆጠረ፤ ያን ዓመት ከሱ የበለጠ አልነበረም። ዎኩም 100 ደረሰ። በ2011 በ43 ሆም ራን እንደገና አንደኛ ሆነ፣ ዎኩ 132። ልብ በሉ፤ ባውቲስታ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ዕድል የበቃው በሄደበት ሁሉ ስሙና ቁጥሩ ዝርዝር ላይ ስለነበረ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እኛ ዘንድ ሲደርስ

ወደ እኛ የመጣው በእግር ኳስ በኩል ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የራሱን ፋንታሲ፣ ኤፍፒኤልን፣ በ2002 ጀመረ። መቶ ሚሊዮን ፓውንድ (በወረቀት ላይ ነው፣ አትደሰቱ)፣ 15 ተጫዋች፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት አይበልጥም። ለመጫወት የሚከፈል ገንዘብ የለም። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ፣ ከአዳማ እስከ አቦምሳ፣ ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ አሰልጣኝ ነው።

ኤፍፒኤል በተፈጥሮው የነጥብ ሊግ ነው። 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የተጫወተ 2 ነጥብ፣ ግብ ያስቆጠረ አጥቂ 4፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ 6፣ አሲስት 3፣ ቢጫ ካርድ ደግሞ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። ከ2017 ጀምሮ «ድራፍት» የሚባል ሌላ ዓይነትም አለው። በዚህኛው አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ ውስጥ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የተረፉት በዌይቨር ይወሰዳሉ፣ ሲጀመር ቅድሚያ የሚያገኘውም በደረጃ ወደ ታች ያለው ነው። የኦክረንት ልጆች እንግሊዝ ገብተው በእኛ ስልክ ወጡ!

የቤዝቦሉ ምልክቶች እዚህም ይሠራሉ። በ2019/20 የሼፊልድ ዩናይትዱ ጆን ለንድስትራም በኤፍፒኤል መዝገብ ተከላካይ ተብሎ በ4.0 ሚሊዮን ተቀመጠ፤ ከዚያ የሚረክስ የለም። ሜዳ ላይ ግን አማካይ ሆኖ ይጫወታል። ግብ ሲያገባ የተከላካይ 6 ነጥብ ይወስዳል፣ ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት ሲወጣ 4 ይጨመርለታል። ዓመቱን በ144 ነጥብ ጨረሰ። በ2015/16 ሪያድ ማህሬዝ በ5.5 ሚሊዮን ጀምሮ በ240 ነጥብ የሁሉም የበላይ ሆነ። በ2023/24 ኮል ፓልመር ከማንችስተር ሲቲ ቤንች ተነሥቶ ቼልሲ ሲገባ ዋጋው 5.0 ነበር፤ 22 ግብና 244 ነጥብ። ከ22ቱ ግብ 9ኙ ፔናሊቲ ነው። ማለትም ጥያቄው «ጎበዝ ነው ወይ?» ብቻ አይደለም። ይሰለፋል ወይ? ፔናሊቲና ቅጣት ምት የሚመታው ማነው? የተጻፈበት ቦታና የሚጫወትበት ቦታ አንድ ነው ወይ? ቀጣዮቹ ጨዋታዎች ከማን ጋር ናቸው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳምንት በሳምንት የሚጠይቅ ሰው ከጓደኞቹ በላይ ይሆናል፤ ኮከብ አሳዳጁ ደግሞ ሰበብ ይደረድራል።

የመርቲ ልጅ በየትኛው ዝርዝር ላይ ነው?

እንግዲህ አቦምሳ ደርሰናል። አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። ከወረዳችን ጋር ስም የሚጋራውን የመርቲ ማርማላታና የቲማቲም ድልህ ያልቀመሰ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ቆርቆሮውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከተማዋን ግን ስንቱ ያውቃታል? ካልሰለጠነ አንባቢ ጋር ስንጨዋወት «አቦምሳ የት ነው?» እንባላለን። እኛም «አዳማ አካባቢ» ብለን እንገላገላለን። ከተማዋ ራሷ ከተራፊዎች ዝርዝር ላይ ናት ማለት ነው።

ሜዳዎቻችን ግን ባዶ አይደሉም፤ ክረምት ከበጋ ኳስ አለ። በዚህ በአዋሽ ሸለቆ ለኳስ ልጅ መንገድ የነበረበት ዘመንም ነበር። የፋብሪካ ክለቦች ነበሩ፤ ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር። ፋብሪካው ልጁን ይቀጥረዋል፣ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይለማመዳል፣ ቡድኑ እስከ ብሔራዊ ሊግ ይሄዳል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ስንት ሃተበርግ፣ ስንት ባውቲስታ ነበረ? በ1962 አዲስ አበባ ላይ ዋንጫ የበላንበትን ፍጻሜ በደቂቃ እንቆጥራለን፤ ግርማ ተክሌ በ74ኛው፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው፣ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው፣ ግብጽ 2 ኢትዮጵያ 4። የአገር ውስጥ ሊጋችን የድሮ ዓመታት ሲመጣ ግን በዓለም አቀፍ የመዝገብ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሻምፒዮኑ ስም ያለፈ ብዙም የለም። ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን አቀበለ፣ ማን አዳነ የሚለው ሜዳ ላይ ቀረ።

ቆጠራና ካሜራ ሲመጡ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2020 የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። በ2020/21 ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት ታዩ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ ዮርዳኖስ ዓባይ በ2000/01 ካስቆጠራቸው 24 ግቦች በላይ ሄደ፤ በ2022 የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ካሜራው ግብ አላገባለትም፤ ያገባው እሱ ነው። ዮርዳኖስም እኮ 24 አግብቶ ነበር። ልዩነቱ የአቡበከርን 29 ግብ ፕሪቶሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት የሚችል ሰው መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የራሳችን የአርሲ ምድር ነው፤ በቆጂ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወጡ። ሰው «አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው» ይላል። ከፍታ በአርሲ ስንት ቦታ አለ! በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ነበሯት፤ ልጆቹን የሚያዩ፣ ሰዓት የሚይዙ። ሩጫ ደግሞ በባሕርይው ለድሃ የተመቸ ነው፤ ሰዓቱ የአባትህን ስም አይጠይቅም፣ ከየት መጣህ አይልም፣ ሮጠህ የገባህበትን ብቻ ይናገራል። ኳስ እንዲህ አይደለም። ኳስ ውስጥ ካልተጻፈልህ አልተጫወትክም።

ቢል ጄምስም፣ ኦክረንትም፣ የነጥብ ሊጉም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ተራፊ ሆኖ መቆየት የዓለም መጨረሻ አይደለም፤ ባውቲስታ ከተራፊዎች ነው የተነሣው። የዓለም መጨረሻ ተራፊዎቹ ዝርዝር ላይ እንኳ ስም አለመኖሩ ነው። የለንድስትራምን ደቂቃ የምናውቅ ልጆች የሰፈራችንን በረኛ ስንት ኳስ እንዳዳነ አናውቅም። ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን ስለ ሼፊልድ አማካይ የምንከራከረውን ግማሹን ያህል ስለ አቦምሳ አማካይ ብንከራከር ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልገንም ነበር።

ደብተር ያዙ

ታዲያ ምን ይሁን? ፌዴሬሽኑ ይምጣ፣ ስፖንሰር ይገኝ፣ ካሜራ ይገዛ የሚለውን ለባለሥልጣን እንተወው። ቢል ጄምስ የነበረው እርሳስ፣ ወረቀትና የሌሊት ፈረቃ ነው። እኛ ደግሞ በተጨማሪ ስልክ አለን። በአገር አቀፍ ደረጃ እንደ ሶከር ኢትዮጵያ ያሉ ድረ ገጾች የሊጉን ግብና አሰላለፍ በአማርኛ ሲመዘግቡ አይተናል፤ የቀረው ከእነሱ በታች ያለው ሜዳ ነው፤ የትምህርት ቤቱ፣ የቀበሌው፣ የክረምቱ ዋንጫ።

ደንቡንም ከኤፍፒኤል እንዋስ። ሙሉ ጨዋታ የተጫወተ 2፣ ያገባ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 6፣ ያቀበለ 3፣ ግብ ያልተቆጠረባቸው በረኛና ተከላካዮች 4፣ ቢጫ ያየ አንድ ይቀነስበታል። አንድ ደብተር፣ አንድ ጠያቂ ልጅ፣ ከዳር ቆሞ የሚጽፍ። አሥር ጨዋታ ሲሞላ ደብተሩ ሜዳው የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። ጭብጨባው ሁሉ ለዚያ ሁለት ሰው አታሎ ለሚስተው አጥቂ ሲሆን፣ ነጥቡን ግን ጸጥ ብሎ የሚሰበስበው ማንም ስሙን የማይጠራው የግራ ተከላካይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያኔ ከአዳማም ሆነ ከአዲስ አበባ አንድ አሰልጣኝ መጥቶ «እዚህ ማን አለ?» ቢል፣ «ብዙ ጎበዝ ልጆች አሉን» ብለን በደፈናው አንመልስም። ደብተሩን እናሳየዋለን።

ደብተር የጀመራችሁ ንገሩን፤ ቁጥሩን እዚሁ እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።